የባህር ማዕበል ከፍታ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ በስንት እጥፍ ይጨምራል?

በዱባይ ጁሜይራ የባህር ዳርቻ ለቆመ ሰው፣ ማዕበል ውሃን ከሩቅ ተሸክሞ የሚያመጣ ይመስላል። ይሁንና ከዳርቻው ራቅ ብሎ የሚንሳፈፍ ጠርሙስን ያስተዋለ፣ ማዕበሉ ከሥሩ ሲያልፍ ጠርሙሱ ከፍና ዝቅ እያለ እዚያው አካባቢ ሲቆይ ይመለከታል።

ምክንያቱም ሞገድ በዋናነት የሚያጓጉዘው ኃይልን እንጂ ውሃውን አይደለም።

በሁለት ተከታታይ የሞገድ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት የሞገድ ርዝመት ሲባል፣ በአንድ ሰከንድ የሚያልፉት ሞገዶች ብዛት ደግሞ ድግግሞሽ ይባላል። ሁለቱ ሲባዙ የሞገዱን ፍጥነት ይሰጣሉ። ለአብነት 30 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሞገዶች በየ5 ሰከንዱ ቢያልፉ ፍጥነታቸው በሰከንድ 6 ሜትር ነው።

ሞገዶች በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላሉ። እንደ ባህር ማዕበልና ድምጽ ያሉት ሜካኒካል ሞገዶች ለመጓዝ ውሃ፣ አየር ወይም ሌላ ቁስ ያስፈልጋቸዋል። ድምጽ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በውሃ ውስጥ ግን 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ይጓዛል።

ብርሃንና የስልክ ሞገድን የሚያካትቱት ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገዶች በበኩላቸው ያለ ምንም ቁስ፣ በባዶ ህዋ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ።

የባህር ማዕበልን አደገኛ የሚያደርገው ከፍታው ነው። የሞገድ ኃይል ከከፍታው ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ የ2 ሜትር ማዕበል ከ1 ሜትሩ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይበልጣል።

በፈረንጆቹ 1999 የተከፈተውና 321 ሜትር ከፍታ ያለው ቡርጅ አል አረብ ሆቴል በጁሜይራ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ሲገነባ መሐንዲሶቹ ይህን ኃይል መቋቋም ነበረባቸው። ለዚህም የደሴቲቱን ዙሪያ ክፍተት ባላቸው የኮንክሪት ብሎኮች ሸፍነውታል። ማዕበሉ ወደ ክፍተቶቹ ገብቶ እየተሽከረከረ ኃይሉን ያጣል።

የሚዋኝ ሰው ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ማዕበል ጥልቀት ወደሌለው ስፍራ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ከፍታው ይጨምርና ይሰበራል። በዚህ ጊዜ ውሃው ራሱ በኃይል ወደፊት ይወረወራል፤ ሲመለስም ሰውን ወደ ጥልቁ ሊጎትት ይችላል።

ስለዚህ ሻማል የተሰኘው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ባህሩን ሲያናውጥና ቀይ ባንዲራ ሲሰቀል፣ "ትናንት ከዋኘሁበት ትንሽ ከፍ ቢል ነው" የሚለው ግምት ሊያዘናጋ አይገባም። በከፍታ ትንሽ የሚመስለው ጭማሪ በኃይል ትንሽ አይደለም።