ኳሱን እነሱ ይጫወታሉ፤ በኪስዎ ግን ማን ይጫወታል?

እሁድ ማታ ነው። ሐምሌ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.። ከሙከጡሪ ተገንጥሎ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ የጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ በምትገኘው ለሚ ከተማ ክረምቱ ከብዷል። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ውጦታል። አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ግን ሙቀት ነው። ወንበር በመጥፋቱ ሰው የቢራ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጧል። ስፔንና እንግሊዝ በርሊን ላይ ለአውሮፓ ዋንጫ ይጫወታሉ።

ከተመልካቾቹ መካከል አንድ ወጣት አለ። ስሙ ይቅር። የሲሚንቶ ፋብሪካው ግንባታ ላይ ይሠራል። ሁሉም ቴሌቪዥኑን ሲያይ፣ እሱ አንድ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። መደበኛው 90 ደቂቃ አቻ ያልቃል ብሎ ትኬት ቆርጧል። ስፔን ቀድማ ስታገባ ፊቱ ጠቆረ። በ73ኛው ደቂቃ የእንግሊዙ ፓልመር አቻ ሲያደርግ ዘሎ አጠገቡ ያለውን ሰው አቀፈ። ሻይ ቤቱ በሙሉ የእንግሊዝ ደጋፊ መሰለው። በ86ኛው ደቂቃ ኦያርዛባል አገባ። 2 ለ 1። ትኬቱ ተቃጠለ። ልጁ ቃል ሳይናገር ተነስቶ ወደ ጉሙ ወጣ።

ይህን ያጫወተችን እጮኛው ናት፤ የ24 ዓመት ወጣት። ለጥር ሠርጋቸው ሁለቱ በጋራ 46 ሺህ ብር አጠራቅመው ነበር። ገንዘቡ የተቀመጠው በእሱ ስም ነው። የውድድሩ ወር ካለቀ በኋላ ለልብስ ቀብድ እንክፈል ስትለው፣ «ዛሬ አይመቸኝም፣ ነገ አይመቸኝም» ማለት አበዛ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገራት። የቀረው 19 ሺህ ብር ነው። ሃያ ሰባት ሺህ ብር በአንድ ወር ውስጥ፣ መቶ መቶ፣ ሁለት መቶ ሁለት መቶ እያለ አልቋል።

«ሴት ጋር ሄዶ ቢሆን ኖሮ ማንን እንደምጣላ አውቅ ነበር» አለችን። «አሁን ከማን ጋር ልጣላ? ከስፔን ጋር?»

መልስ የሚያሳጣ ጥያቄ ነው። እኛ ግን ለመመለስ እንሞክር።

ኳስ ያለ ማስታወቂያ

ድሮ እንዲህ አልነበረም ቢባል ውሸት አይደለም። ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካ ዋንጫን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ ስታዲየም ያልገባው ሰው ጨዋታውን የተከታተለው በሬዲዮ ነው። የሰለሞን ተሰማ ድምፅ ነበር ኳሱን በየቤቱ ያስገባው። የሚሸጥ ነገር ቢኖር ቲኬቱና የሬዲዮኑ ባትሪ ነው።

ነገሩ የተቀየረው ቆይቶ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ፣ አዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ማሊያ ያልለበሰ ወጣት ማግኘት ቸገረ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣን፣ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከምድባችን አላለፍንም። ነጋዴዎች ግን አንድ ነገር አዩ፤ እዚህ አገር ለኳስ ሲባል ሰው እኩል ያለቅሳል፣ እኩል ይስቃል፣ እኩል ይገዛል።

በ2006 ዓ.ም. ሄኒከን «ዋልያ» የተባለ ቢራ ይዞ ገበያ ገባ። ስሙን ልብ ይበሉ። ዋልያ የተራራ ፍየል ነው፤ ዋልያ የብሔራዊ ቡድኑም ቅጽል ስም ነው። ቢራው ቡድኑን ስፖንሰር አደረገ። ከዚያ በኋላ «ዋልያ!» ብሎ የጮኸ ደጋፊ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የቢራ ስም እየጠራ ነበር። ከዚህ የረከሰ ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

የቢራው ጨዋታ በእኛ ሰፈር

ሰሜን ሸዋም ከዚህ ጨዋታ ውጭ አይደለችም። ደብረ ብርሃን ላይ ዳሸን ሁለተኛ ፋብሪካውን ተከለ። ከ8 ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ያቋቋሙት ሐበሻ ቢራም በ2007 ዓ.ም. ከዚያው ከተማ ምርቱን ማውጣት ጀመረ። ከሐበሻ ባለአክሲዮኖች አንዱ ባቫሪያ የሚባል የሆላንድ ጠማቂ ነበር። የዚህ ኩባንያ ታሪክ ለዛሬው ወጋችን ይጠቅማልና ትንሽ ይታገሡን።

በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ በጀርመን ሲካሄድ የውድድሩ ስፖንሰር ሌላ የቢራ ኩባንያ ነው። ባቫሪያ ለሆላንድ ደጋፊዎች ስሙ የተጻፈበት ብርቱካናማ ሱሪ አደለ። የስታዲየሙ ጠባቂዎች «በዚህ ሱሪ አትገቡም» አሉ። ደጋፊዎቹስ? ሱሪያቸውን እያወለቁ በውስጥ ሱሪ ገቡ! ወሬው ዓለምን ዞረ። ከአራት ዓመት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ሆላንድና ዴንማርክ ሲጫወቱ፣ 36 ሴቶች አንድ ዓይነት ብርቱካናማ አጭር ቀሚስ ለብሰው ተመልካች መሃል ብቅ አሉ። ቀሚሱ ላይ የሚታይ ስም እንኳ አልነበረበትም። ከስታዲየም አስወጧቸው፣ ሁለቱም ታሰሩ፤ ክሱ በኋላ ተቋረጠ። ለውድድሩ ሳንቲም ያልከፈለው ባቫሪያ በዚያ ሰሞን ከከፋዮቹ ይልቅ አፍ ላይ ዋለ።

ነጋዴ እንዲህ በር ሲዘጋበት በመስኮት ይገባል። እኛም አገር ይኸው ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ፤ ለአልኮል ሽያጭም የዕድሜውን ገደብ 21 ዓመት አደረገው። በየጨዋታው እረፍት ሲፈስ የነበረው ቢራ በአንድ ጊዜ ደረቀ። ወዲያው ማን መጣ? ማልት! ሶፊ ማልት፣ ሰንቅ ማልት፣ ንጉሥ ማልት። አልኮል የለውም፤ ሕጉ አይነካውም። ጠማቂዎቹ ግን እነዚያው ናቸው።

ታላቁን ሩጫ ይመልከቱ። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ሮጠ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ አንደኛ ወጣ። ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚሮጥበት ዝግጅት ነው። ቲሸርቱ መግቢያ ትኬት ነው፤ ያለ ቲሸርት አይሮጥም። አስበውታል? ሰው ገንዘብ ከፍሎ የስፖንሰር ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በ2016 ዓ.ም. የሩጫው ስያሜ ስፖንሰር ሶፊ ማልት ነበር። ይህ ክፋት አይደለም፤ ሩጫው ጤና ነው፣ ደስታ ነው፣ ያለ ስፖንሰርም አይቆምም። ግን ማን ለማን እንደሚሠራ ማወቅ ደግ ነው።

ከጠርሙስ ወደ ትኬት

ቢራው ከስክሪን ሲወርድ ቦታውን ለመያዝ የተሰለፈው ማልት ብቻ አይደለም። ውርርድ መጣ። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የአገራችን ትልቁ ሊግ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር፣ ስሙም «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ሆነ። ቤትኪንግ አወራራጅ ድርጅት ነው። የለሚው ልጅ ያየው የ2024 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ዋንጫም ከስፖንሰሮቹ አንዱ አወራራጅ ነበር። ከዋና ስፖንሰሮቹ አምስቱ ደግሞ የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ መኪና፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ የገንዘብ መክፈያና የኢንተርኔት ሱቅ። ለሚ ላይ ሆኖ የምዕራብ ቻይና ሲሚንቶና የኢስት አፍሪካን ሆልዲንግ ፋብሪካ ሲገነባ የሚውል ልጅ፣ ማታም ኳስ ሲያይ የቻይና ስም ያነባል። ዓለም ጠባብ ናት!

ታዲያ የቢራ ማስታወቂያና የውርርድ ማስታወቂያ አንድ አይደሉም። የቢራው «ከጓደኞችህ ጋር ጠጣ» ይላል። የውርርዱ «አንተ ኳስ ታውቃለህ» ይላል። አየህ ይህ ቃል እንዴት እንደሚጥም! ደሞዝ ያነሰው፣ አለቃ የሚጮህበት ወጣት፣ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ኳስ ነው። «እውቀትህን ወደ ገንዘብ ቀይር» ሲባል እንዴት አይቆርጥ?

እስቲ እውቀቱን በሂሳብ እንፈትነው። አንድ ትኬት ላይ አምስት ጨዋታ መረጡ እንበል። ለእያንዳንዱ 1.70 ይሰጥዎታል። መቶ ብር አስይዘው አምስቱም ከተሳኩ 1,420 ብር ገደማ ያገኛሉ። ያጓጓል። አሁን እርስዎ ጎበዝ ነዎት፣ እያንዳንዱን ጨዋታ ከመቶ 55 ጊዜ ያገኙታል ብለን እንያዝ። አምስቱን በአንድ ላይ የማግኘት ዕድልዎ ከመቶ 5 ብቻ ነው። መቶ ትኬት ቢቆርጡ 10 ሺህ ብር ያወጣሉ፤ አምስቱ ይሳካሉ፣ 7,100 ብር ይመለስልዎታል። 2,900 ብር ቀለጠ። አሥር ጨዋታ ከደረደሩማ፣ የሚሳካው ከ400 ትኬት አንዱ ነው። ባለቤቱ ኳስ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ማባዛት ማወቅ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያሸነፈ ሰው ሻይ ቤት ገብቶ ያወራል፣ ትኬቱን ፎቶ አንስቶ ይልካል። የተበላ ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ያሸነፈ ይመስላል። ይህ ማስታወቂያ ደግሞ ማንም አልከፈለበትም፤ እኛው ነን በነፃ የምንሠራው።

ሻይ ቤቷ ያደረገችው

ከውድድር ጊዜ ሁሉም ሰው ይከስራል ማለት አይደለም። ያቺ የለሚ ሻይ ቤት ባለቤት፣ እትዬ የሚሏት ሴት፣ የምትሠራውን ሰምተን ተገርመናል። ውድድሩ ሲጀመር የጨዋታውን ፕሮግራም በካርቶን ላይ በእስክሪፕቶ ጽፋ በር ላይ ለጠፈች። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አደረገችው። መብራት ቢጠፋ ብላ ጄኔሬተር ተከራየች። መግቢያ አታስከፍልም፤ ሻይና ዳቦ ግን መታዘዝ አለበት። ግድግዳዋ ላይ «ዱቤና ውርርድ ክልክል ነው» ብላ ጽፋለች። ደንበኛ ቀነሰባት? ይልቁን ሚስቶች ባሎቻቸውን «እትዬ ጋር ከሆነ ሂድ» ማለት ጀመሩ። በሺህ ብር የማይገዛ ማስታወቂያ ማለት ይኼ ነው።

እርስዎስ ምን ያድርጉ?

ትልቅ ውድድር ሲመጣ ሰሌዳውም ስልኩም በማስታወቂያ ይሞላል። የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ 48 ቡድንና 104 ጨዋታ ያለው ሆኖ የተዘጋጀውም፣ ብዙ ጨዋታ ብዙ ማስታወቂያ ስለሆነ ጭምር ነው። እኛ የምንመክረው የሚከተለውን ነው።

1. ከውድድሩ በፊት የመዝናኛ ገንዘብዎን ለይተው ያስቀምጡ። ሻዩም፣ ማሊያውም፣ ሌላውም ከዚያው ይውጣ። ካለቀ አለቀ። የዕቁብና የቤት ኪራይ ገንዘብ ኳስ አያይም።

2. የሁለት ሰው ገንዘብ በአንድ ሰው ስም አይቀመጥ። ይህ እምነት ማጣት አይደለም። የለሚዋ እህታችን ከ27 ሺህ ብሩ ይልቅ ያቃጠላት ሳታውቅ መቅረቷ ነው።

3. ከቆረጡም ያወጡትንና ያገኙትን ሁለቱንም በደብተር ይጻፉ። የሰው ልብ ያገኘውን ያስታውሳል፣ የተበላውን ይረሳል። ደብተር ግን አይረሳም።

4. የተበላውን ለማስመለስ ብለው በጭራሽ አይቁረጡ። የለሚው ልጅ እንደነገረን፣ ከ27 ሺህ ብሩ አብዛኛው የሄደው የመጀመሪያውን 3 ሺህ ለማስመለስ ነው።

5. አንድ ማስታወቂያ ሲያዩ «የሚሸጥልኝ ዕቃው ነው ወይስ ስሜቴ?» ብለው ይጠይቁ። ስሜት ከሆነ ያንተኑ ስሜት መልሰው እየሸጡልህ ነው ማለት ነው።

6. ማቆም ካቃተዎት አይደብቁ። ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ጤና ጣቢያም ይሂዱ። አዲስ አበባ ላሉት አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ቁማር ልማድ ሲሆን እንደ ማንኛውም ሕመም ይታከማል።

እነዚያ ልጆችስ?

ለሚ ተቀይራለች። ፋብሪካው መስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም ይዞ ሥራ ጀምሯል። ልጁም ግንባታው ካለቀ በኋላ ቋሚ ሥራ አገኘ። ሠርጉ በጥር አልሆነም። ቤተሰብ «ምን ሆናችሁ?» ሲል «ገንዘብ አልሞላልንም» አሉ። እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ባይሆንም።

ልጅቷ ቀለበቱን አልመለሰችም። ገንዘቡን ግን በሁለት ፊርማ አደረጉት። እሱም ስልኩን አሳያት፣ መቁረጫውን አጠፋ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ወድቋል» ብላ ሳትደብቅ ነገረችን። «ግን በዚያው ቀን ማታ ራሱ ነገረኝ። እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።»

ልጁን፣ ኳስ ማየት አቆምክ ወይ ብለነው ነበር። ሳቀ።

«እንዴ፣ አሁን ነው ማየት የጀመርኩት» አለን። «ያኔ የማየው ትኬቴን ነበር። ያንን የስፔንን ሁለተኛ ጎል ታውቃላችሁ? ቆንጆ ጎል ነበር። ያየሁት ግን ከስምንት ወር በኋላ ነው።»