ጀርም መድኃኒት ይለምዳል?

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ «ዘነበወርቅ» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስታውሰው አለርት ሆስፒታልን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ዋና ጉዳዩ የሥጋ ደዌ ነበር። በዚያ ዘመን ሕክምናው በአንድ ርካሽ ክኒን፣ በዳፕሰን፣ ላይ የቆመ ነበር፤ ታማሚው ለዓመታት ይውጠዋል። በ1970ዎቹ ግን ዳፕሰን የማይበግረው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ አዲስ አበባ ውስጥም ተገኘ።

«ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል ሰው። አንዳንዱም «ሰውነቴ ለመደው» ይላል። የጤና ባለሙያውም ቢሆን «መድኃኒት የተላመደ» ከማለት አይመለስም። ስሕተቱ የተሸሸገው እዚያው ቃሉ ውስጥ ነው። ሕፃን ልጅ በርበሬ ይለምዳል፤ ባክቴሪያ ግን እንዲያ አይለምድም።

ነገሩ የሒሳብ ነው። በሽታው በጠናበት ሰው ገላ ውስጥ እስከ 100 ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ሲባዛ በራሂውን (ጂኑን) ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ከ10 ሚሊዮን አንዱ ዳፕሰንን ለመቋቋም የሚያስችለው ስሕተት ይዟል እንበል። ክኒኑ ከንፈር ሳይነካ 10,000 የማይበገሩ አሉ ማለት ነው።

አሁን መድኃኒቱ ይግባ። በእያንዳንዱ የመባዛት ዙር ሌሎቹ በግማሽ ይቀንሱ፣ የማይበገሩት እጥፍ ይሁኑ። ከ12 ዙር በኋላ ከ100 ቢሊዮኑ የሚቀረው 24 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን 10,000ዎቹ ወደ 41 ሚሊዮን ይጠጋሉ። አጠቃላይ ቁጥሩ እጅግ ስለቀነሰ ታማሚው የዳነ ይመስለዋል፤ አብላጫነቱ ግን በዚያው ሰዓት ወደማይበገሩት ዞሯል። አንድም ባክቴሪያ የለመደው ነገር የለም። እንግሊዛዊው ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ባሳተማቸው ጽሑፎች የተፈጥሮ ምርጫን ያሰላው እንዲህ ባለ ቀመር ነው። (በእውነተኛው ሕመም ባክቴሪያው ለመባዛት ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ በሽታው እስኪያገረሽ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።)

ሌላም የተሳሳተ ግምት አለ፦ መድኃኒት የሚደራረበው በሽታው ስለከበደ ብቻ ነው የሚል። ሁለት መድኃኒቶች አብረው ይሰጡ እንበል። እነሱን የሚቋቋሙት ስሕተቶች የተለያዩና እያንዳንዳቸው ከ10 ሚሊዮን አንዱ ላይ የሚገኙ ከሆኑ፣ ሁለቱንም በአንዴ የያዘ ባክቴሪያ የሚገኘው ከ100 ትሪሊዮን አንዱ ነው። 100 ቢሊዮን በተሸከመ ገላ ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ከሺህ አንድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሰን አብረው እንዲሰጡ መከረ። ብቻውን የተሸነፈው ዳፕሰን ዛሬም ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ይሰጣል።