የአረጋውያን የቀን ውሎ በመጠይቅ ሲለካ

በምዘና ትምህርታችን አንድ ፈተና ተገቢነትና አስተማማኝነት ይኑረው ሲባል እንሰማለን። ተገቢነት ማለት ልንለካው ያሰብነውን ነገር ራሱን መለካት ነው፤ አስተማማኝነት ደግሞ ደግመን ብንለካ ተቀራራቢ ውጤት ማግኘት። ይህ ለክፍል ፈተና ብቻ የተባለ የሚመስለው አይጠፋም። እኔ ግን ከመማሪያ ክፍል ወጣ ብዬ፣ ዐረብኛ ተናጋሪ አረጋውያን ያልተለዋወጠ የቀን ውሎን ምን ያህል እንደሚመርጡ በመጠይቅ ሲለካ የሚገጥመውን ጣጣ ላስረዳ።

ለመሆኑ ይህን መለካት ምን ያደርጋል? ሰው ዕድሜው ሲገፋ ቡናውን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ተቀምጦ መጠጣት የሚወድ ብዙ ነው። በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራይክና ዛውትራ እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን ዝንባሌ በሁለት ከፍለው አዩት፤ ሥርዓት መውደድና ከሥርዓት መናጠብን መጥላት። በፈረንሳይ ደግሞ ዣን ቡዊሶን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጥናት፣ ያልተለዋወጠ ውሎን አጥብቀው በሚመርጡ አረጋውያን ላይ ጭንቀትና ድብርትም አብሮ እንደሚታይ አመለከተ። እንግዲህ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙ አዛውንት “እኒህ ሰው ሳይጨነቁ አይቀሩም” ሊባሉ ነው። ነጥቡ የተሳሳተ ከሆነስ? ደህናው ታማሚ ይባላል፣ የተጨነቀው ሳይታይ ይቀራል።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ፈረንሳዮች “ሩቲን” የሚሉትን ዐረቦችም ተውሰውታል። ነገር ግን በግብጽ “ሩቲን” ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የመሥሪያ ቤት ምልልስ ነው፤ ማኅተም፣ ፊርማ፣ “ነገ ተመለስ”። “ሩቲን ይወዳሉ?” የተባሉ አዛውንት ቢስቁ አይፈረድባቸውም! እሺ፣ ልማድ የሚለውን “ዓዳ” እንጠቀም ቢባል ደግሞ፣ የሴቶች የወር አበባም በይሉኝታ በዚሁ ቃል ይጠራል። በበኩሌ ነገሩን ዘርዝሮ “ምሳዎን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መብላት ይወዳሉ?” ብሎ መጠየቁ ይሻላል እላለሁ።

ከዚህ የሚከብደው የሶላቱ ጉዳይ ነው። ከዐረብኛ ተናጋሪዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው (ክርስቲያኖችም እንዳሉ ሳንረሳ)። አምስቱ ሶላቶች ቀኑን ከፋፍለውታል። ታዲያ አዛውንቱ “በየቀኑ በዚያው ሥርዓት እውላለሁ” ሲሉ ምርጫቸው ነው ወይስ ግዴታቸው? መጠይቁ የሚፈልገው እኮ ምርጫን ነው። የሶላት ሰዓት ደግሞ ፀሐይን ስለሚከተል ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። ስለዚህ “በአንድ ሰዓት” ብሎ መጠየቅና “በአንድ ቅደም ተከተል” ብሎ መጠየቅ ለየቅል ናቸው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ምግቡም እንቅልፉም ይገላበጣል። በዚያ ወር የተለካ ሰው ከወራት በኋላ ቢለካና ነጥቡ ቢለያይ፣ ጥፋቱ የመጠይቁ ሳይሆን የወሩ ሊሆን ይችላል። ረመዳን በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ስለሚል “ሁሌ በጥር እንጠይቅ” ብሎ ማምለጥም አይቻልም።

የአጠያየቁም ነገር አለ። የጽሑፍ ዐረብኛና ቤት የሚወራው ይራራቃሉ፤ የካይሮና የካዛብላንካ ንግግርም እንዲሁ። ፊደል ላልቆጠሩ እናት ጥያቄው በአገራቸው አነጋገር ይነበብላቸው እንጂ ወረቀት ብቻ አይሰጣቸው። አሉታዊ ጥያቄማ ጭራሽ! “ውሎዎ ሲቀየር አይከፋዎትም?” ተብሎ “ነዓም” ማለት በጽሑፍ ዐረብኛ “አዎ፣ አይከፋኝም” ነው። “ኧረ ይከፋኛል” ለማለት “በላ” የሚል ሌላ ቃል አላቸው (ከኛው “በላ” ጋር ዝምድና የለውም)። በአማርኛስ “አልመጣም?” ሲሉን “አዎ” ብንል መጣ ነው አልመጣም?

ለትርጉም የታወቀው ዘዴ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ያብራራው ነው። አንዱ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ይመሳከራል። ጥሩ ነው፤ ግን “ሩቲን” ሄዶ “ሩቲን” ሆኖ ስለሚመለስ ወንፊቱን ያልፋል። ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው አልፋ የተባለ ስሌትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ያሳያል እንጂ፣ ተስማምተው ሶላትን እየለኩ እንደሆነ አይናገርም። ይህን የሚነግሩን አዛውንቱ ራሳቸው ናቸው። መጠይቁ ከመሠራጨቱ በፊት ለጥቂት ሰዎች ተነቦ፣ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ “ይህን ጥያቄ እንዴት ተረዱት? ለምንስ እንዲህ አሉ?” ተብለው ሊጠየቁ ይገባል።