የጽጌረዳ ጫፍ ሲቆረጥ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ምክር አለ፦ ጽጌረዳ ገርዛችሁ ቁስሉን በጥፍር ቀለም ካልደፈናችሁት ተክሉ ይበሰብሳል ይላል። አይበሰብስም። ተክል የተቆረጠበትን ቦታ ከውስጥ ራሱ ይዘጋዋል። (ግንድ የሚሰረስር ነፍሳት ባለበት አካባቢ ወፍራሙን ቅርንጫፍ የሚደፍኑ አትክልተኞች አሉ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) የደረቀውን፣ የታመመውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ማንሳት እንደሚገባ ማንም ያውቃል። የሚገርመው ጤነኛው ጫፍ ሲቆረጥ የሚሆነው ነው።

ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታክል ቀላ ያለች ቡቃያ ተኝታለች። ያስተኛት ጫፉ ነው፤ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን እያመረተ ወደ ታች ይልካል። እ.ኤ.አ. በ1933 ኬኔት ቲማን እና ፎልክ ስኩግ የባቄላ ጫፍ ቆርጠው በምትኩ ኦክሲን አደረጉበት፤ የጎን ቡቃያዎቹ ጫፉ ያልተነካ ይመስል ተኝተው ቀሩ። ነገር ግን ከላይ የሚወርደው ኦክሲን ቡቃያዋ ውስጥ አይገባም። ታዲያ በምን ያግዳታል? አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው፦ ቡቃያዋ ለማደግ የራሷን ኦክሲን ወደ ግንዱ መልቀቅ አለባት፤ ግንዱ ሞልቶ ከሆነ ግን፣ ከቅያስ ወጥቶ የተጨናነቀ አስፋልት መግባት እንዳቃተው ሚኒባስ ቆማ ትጠብቃለች። ጫፉ ሲቆረጥ መንገዱ ይለቀቃል።

እዚህ ላይ ክርክር አለ። ኦክሲን በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአተር ጥናት፣ ከጫፉ ራቅ ያሉ ቡቃያዎች የኦክሲኑ መቀነስ ሳይደርሳቸው ማደግ እንደሚጀምሩ አሳየ። ቀድሞ የደረሳቸው፣ ጫፉ ይሻማው የነበረ ስኳር ነው። በአተር የታየው ሁሉ በጽጌረዳ ይሠራል ብሎ መማል ይከብዳል፤ ስኳር የጽጌረዳን ቡቃያ እንደሚቀሰቅስ ግን ታይቷል።

ደጋግመው የሚያብቡት ዘመናዊ ጽጌረዳዎች አበባ የሚይዙት በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነውና ቡቃያ ማንቃት አበባ ማግኘት ነው። በዓመት አንዴ ብቻ የሚያብቡት ግን አሮጌው እንጨት ላይ ስለሚያብቡ ካበቡ በኋላ ይገረዛሉ። ወደ ውጭ ከምታይ ቡቃያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። መሀሉ አየር ያገኛል፣ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል፣ እርጥበት የሚወደው የጥቁር ነጠብጣብ በሽታም ይቀንሳል።

ጽጌረዳችሁ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀለ ከሆነ፣ ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣውን ቀንበጥ ከሥሩ ገንጥላችሁ ጣሉት። ጫፉን ብቻ ከቆረጣችሁት የጎን ቡቃያዎቹን ታነቃላችሁ፤ ገዝታችሁ የተከላችሁት እየመነመነ፣ ያልፈለጋችሁት ቦታውን ይወርሳል።