አንዴ የጸደቀ ጽሑፍ ለስንት ላኪ ይበቃል?

በመካነ ሰላም ገበያ የሚውል አንድ ገበሬ በሳምንት ውስጥ ወደ ስልኩ የገቡትን አጭር መልእክቶች ብናነባቸው አብዛኞቹ ተመሳሳይ መልክ አላቸው። ባንኩ ይህን ያህል ብር ወጪ ተደርጓል፣ ቀሪ ሂሳብዎ ይህ ነው ይላል። ቴሌብር የላኪውን ስምና የግብይቱን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅሉ ሊያልቅ መሆኑን ያስታውሳል። ከእነዚህ መልእክቶች አንዱንም ቢሆን ለዚያ ገበሬ ብሎ ቁጭ ብሎ የጻፈው ሰው የለም። ጽሑፉ የተጻፈው አንድ ጊዜ ነው፤ ኃላፊነት ያለበት ሰው አንብቦ አጽድቆታል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን፣ የብሩን መጠንና ቀኑን እየለዋወጠ የሚሞላው ማሽን ነው። የሙያው ሰዎች «ቴምፕሌት» የሚሉት ይህን ባዶ ቦታ የተተወለት ዝግጁ ጽሑፍ ነው።

አሠራሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በየወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ «አመልካች» የት፣ «ተጠሪ» የት፣ «ጉዳዩ» የት እንደሚገባ በቃሉ ያውቀዋል። ባለጉዳዩ የሚጨምረው ስሙን፣ ቀበሌውንና የደረሰበትን ነገር ነው። ልዩነቱ ጸሐፊው ባለጉዳዩን ፊት ለፊት እያየ፣ ያልገባውን እየጠየቀ መጻፉ ነው። ቴምፕሌት ግን ተቀባዩን ማንም ሳያየው ይጸድቃል። ስለዚህ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ ሁሉ መልእክቱ ከመላኩ በፊት ተደርጎ ማለቅ አለበት።

ላኪው አንድ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ውስብስብ የሚሆነው አንድ ተቋም ብዙ በር ሲኖረው ነው፤ የአጭር መልእክት ቁጥር አለው፣ የቴሌግራም ቻናል አለው፣ ወደ ዓረብ አገር ለሄዱት የወሎ ልጆች ደግሞ የዋትስአፕ አካውንት ይከፍታል። ጽሑፉ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ በር የራሱ ሕግ አለው። ቴሌግራም በቻናል ለሚለጠፍ ጽሑፍ ቅድመ ፈቃድ አይጠይቅም። ዋትስአፕ ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ለድርጅቶች በከፈተው የማሽን መላኪያ መንገድ ላይ ጥብቅ ነው። ደንበኛው ራሱ መልእክት ከላከ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ድርጅቱ የፈለገውን ቃል መጻፍ ይችላል። ሰዓቱ ካለፈ ወይም ድርጅቱ ቀድሞ መጀመር ከፈለገ አስቀድሞ በጸደቀ ቴምፕሌት ብቻ ነው የሚልከው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ፈቃድ ለጽሑፉ የሚሰጠው በአንድ አካውንት ብቻ መሆኑን ነው። አንድ ድርጅት ለደሴ ቅርንጫፉ ያጸደቀውን ቃል፣ የተለየ አካውንት ላለው የመካነ ሰላም ቅርንጫፍ ልጠቀምበት ቢል ያው ጽሑፍ እንደገና መግባትና መመርመር ይኖርበታል፤ አለዚያም በአንድ ድርጅት ሥር ካሉት አካውንቶች ከአንዱ ወደ ሌላው በተፈቀደው መንገድ መዛወር አለበት። መዛወሩ ራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የተቀባዮች ቅሬታ የበዛበት ጽሑፍ አብሮ አይሻገርም። በአንዱ አካውንት ብዙ ሰው «አልፈልግም» ብሎ ያገደው ቴምፕሌት በመጀመሪያ ለ3 ሰዓት፣ ከተደገመ ለ6 ሰዓት እንዳይላክ ይደረጋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ጨርሶ ይዘጋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አንድ የጸደቀ ቃል ለብዙ ሰው ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ያሳየው 8028 ነው። ይህ የገበሬዎች ነፃ የስልክ መስመር በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ዛሬ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት በሆነው በያኔው ኤጀንሲ፣ በግብርና ሚኒስቴር፣ በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና በኢትዮ ቴሌኮም ትብብር ነው። ገበሬው ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ቁጥር እየነካ ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴ ወይም ስለ ገብስ አስቀድሞ የተቀዳ ምክር ይሰማል። ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር፤ ኋላ ሌሎች ቋንቋዎች ተጨምረዋል። ጥሪው በሚሊዮን የሚቆጠር ሆነ። ሁለተኛው አገልግሎቱ ለርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል፤ ደዋዩ አካባቢውንና የሚያመርተውን ሰብል አስመዝግቦ ስለነበር፣ በሽታ ሲነሳ መስመሩ ራሱ ወደ ገበሬው ማስጠንቀቂያ መላክ ይችል ነበር።

ከዚያ በፊት ምክሩ ከባለሙያ ወደ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ ከእሱም ወደ ቀበሌው ስብሰባ፣ ከስብሰባው ወደ ጎረቤት በአፍ ነበር የሚሄደው። በእያንዳንዱ እርከን አንድ ነገር ይጎድላል ወይም ይጨመራል። የመድኃኒቱ መጠን ይዛባል፣ «አበባ ሳያወጣ» የተባለው «ሲያብብ» ሆኖ ይደርሳል። የጸደቀ ጽሑፍ ትልቁ ጥቅም ይህን ማስቀረቱ ነው፤ በመጀመሪያው ቤት የተባለው ቃል በመጨረሻው ቤት ሳይለወጥ ይሰማል።

አንድ ወጥ ጽሑፍ ግን ለደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል አይበቃም። መካነ ሰላም ያለችበት ቦረና ወረዳ በአንድ በኩል ቁልቁል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፣ በሌላ በኩል ወደ ደንቆሮ ጫካ ደጋ ይወጣል። ወደ ሳይንትና ለጋምቦ ሲያልፉ የአምባ ፈሪት ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ቆሟል። በአንድ ወረዳ ስም ሥር ማሽላ የሚዘራበት ቆላና ገብስ የሚዘራበት ውርጫማ ደጋ አብረው ይኖራሉ። በሽታውም እንደ አየሩ ይለያያል። ቢጫ ዋግ ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል፤ ስለዚህ የደጋው ስንዴ ጠላት ነው። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለውን ወይና ደጋ ይመርጣል። ታዲያ የቴምፕሌቱ ባዶ ቦታ የሚጠይቀው የወረዳ ስም ብቻ ከሆነ፣ የቢጫ ዋግ ማስጠንቀቂያ ዓባይ ዳር ላለው ማሽላ ዘሪ ሁሉ ይደርሳል። እሱ የማይመለከተውን መልእክት ሁለት ሦስት ጊዜ ካነበበ በኋላ የሚመለከተውንም መክፈት ይተዋል። የቴምፕሌት ጥበብ በቃላት አመራረጡ ላይ ብቻ አይደለም፤ ባዶው ቦታ የት ይሁን፣ ምን ይሙላው የሚለው ላይ ነው። ለዚህ አገር ከወረዳው ስም ቀጥሎ ደጋ፣ ወይና ደጋ ወይም ቆላ የሚል ቦታ ያስፈልጋል።

ወቅቱም እንዲሁ ነው። «መኸር ሲገባ» ብሎ በሰኔ የሚጀምር የምክር ጽሑፍ በበልግ ዝናብ ለሚያርሰው የለጋምቦ ደገኛ ከወራት በኋላ የደረሰ ወሬ ነው። ከአዲስ አበባ የሚላከው ጽሑፍ አንድ ይሁን፤ የበልግና የመኸር ሁለት ቅጂ ግን ይኑረው።

ጽሑፉ ስንት ፊደል ሊይዝ እንደሚችል የሚወስነውም በሩ ነው። አጭር የስልክ መልእክት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲላክ የሚጓዘው በ140 ባይት ጠባብ ዕቃ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይገባል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይገባል፤ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡም አብረው ይቆጠራሉ። ሰባ አንደኛዋ ፊደል ስትጨመር መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ክፍሎቹን የሚያያይዘው ምልክት ቦታ ስለሚወስድም በእያንዳንዱ ክፍል የሚገባው 67 ፊደል ይሆናል፤ ወጪውም የሁለት መልእክት ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ተቋማት አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል ወይም በእንግሊዝኛ ይልኩታል። ይህ አስፈላጊ አይመስለኝም። ለማሳያ ያህል ይህን ልጻፍ፦ «ቢጫ ዋግ በቦረና ደጋ ስንዴ ታይቷል። ማሳዎን ዛሬ ይዩ። ለምክር 8028 ይደውሉ።» ክፍት ቦታውን ጨምሮ 51 ነው። «በቦረና» በሚለው ፋንታ «በመሀል ሳይንት» ቢገባ እንኳን 56 ይሆናል። ያው ቃል በላቲን ፊደል ቢጻፍ ወደ 80 ይደርሳል፤ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ጥበቱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ገበሬው ደግሞ በትምህርት ቤት የተማረውን ፊደል ያነባል፤ ራሱ ባይችል ልጁ ያነብለታል። መጠንቀቅ የሚገባው ሁለቱን ፊደል ሲቀላቅሉ ነው። በላቲን የተጻፈ ቴምፕሌት ባዶ ቦታው ላይ በግዕዝ የተጻፈ አንድ ስም ከገባበት፣ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው መለኪያ ይዞራል፤ ትናንት በአንድ መልእክት ዋጋ የሄደው ዛሬ በሁለት ይሄዳል።

ቋንቋችን ባዶ ቦታን በቀላሉ አያስተናግድም። ማሽኑ የተቀባዩን ስም ያውቃል፤ ወንድ ይሁን ሴት ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም፣ አማርኛ ደግሞ በአንተና በአንቺ ሲያነጋግር ግሱን በጾታ ይለያል። «ማሳህን እይ» ቢል ሴቷን ገበሬ ያስቀራል። በወሎ ገጠር መሬት በስማቸው የተመዘገበላቸው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። መውጫው በእጃችን ነው፤ «እርስዎ» ጾታ አይለይም፣ አክብሮትም አለው። ሼሁም፣ ቄሱም፣ እማወራዋም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ባንኮችና ቴሌኮሙ «ውድ ደንበኛችን» ብለው በእርስዎ የሚቀጥሉት ለዚህ ነው፤ በዚህ ረገድ መንገዱን አግኝተውታል ማለት ይቻላል።

የበዓል መልካም ምኞትም የራሱ መፍትሔ አለው። ስልክ ቁጥር የባለቤቱን ሃይማኖት አይናገርም፣ በወሎ ደግሞ ስሙም ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ በአንድ ቤት የአባትና የልጅ ስም ከሁለት እምነት ሊሆን ይችላል። «ለክርስትና እምነት ተከታዮች በሙሉ»፣ «ለእስልምና እምነት ተከታዮች በሙሉ» ብሎ የሚጀምረው የተለመደ አጻጻፍ ማንንም ሳይገምት ለሁሉም ይላካል። ጎረቤቱ ያን መልእክት ይዞ ሄዶ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፤ በዚህ አገር ይህ ከመልእክቱ በላይ ነው።

ቀንና ሰዓት ግን ገና አልተስተካከለም። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንና ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር ሰዓት ስለሆነ ባዶው ቦታ ሳይታረም በዚያው ይሞላል። ብድር የሚመለስበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ የሚደርሰው ገበሬ ልጁን ወይም የሱቅ ባለቤቱን መጠየቅ አለበት። «10 ሰዓት» ሲባል ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብሎ የሚሞላ ባዶ ቦታ መሥራት ለኮምፒዩተር ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አለመሠራቱን ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

አንድን ጽሑፍ በብዙ በር ማዘጋጀት ትርፍ ሥራ የሚመስለው ይኖራል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በቴሌግራም ቻናል ብቻ ይሠራ የነበረ ሁሉ ድምፁ ጠፋ። ኢንተርኔት ሳይኖር አጭር መልእክትና የድምፅ ጥሪ ሊሠሩ ይችላሉ፤ እነሱ ደግሞ ሲጠፉ ሬዲዮ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት በጠባቡ በር የሚያልፈው የ70 ፊደል ቅጂ ነው። ከእሱ ተነስቶ ለቴሌግራም ማስፋት ይቻላል፤ የተንዛዛውን ጽሑፍ በችግር ቀን ለማሳጠር መሞከር ግን ዋናውን ቃል ያስጥላል።

አንድ ዓይነት ቃል በሁሉም በር መሄዱ ከአጭበርባሪም ይጠብቃል። ከባንክ የመጣ የሚመስል የሐሰት የገንዘብ መልእክት እያሳዩ ከብት የሚገዙ ሰዎች ወሬ በየገበያው ይሰማል። ገበሬው የባንኩን መልእክት ዘወትር በአንድ መልክ ከለመደው፣ ቃሉ የተዛባውን ወይም ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣውን ቶሎ ይለየዋል። ላኪው በየበሩ የተለያየ ነገር ከጻፈ ግን ያን መለያ ራሱ ያጠፋዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ያረጀ ጽሑፍ ነው። አንዴ የጸደቀ ቃል በብዙ አካውንት ከተበተነ በኋላ እውነቱ ሲለወጥ ማን ይሰበስበዋል? በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ ማሳ ላይ ብዙ ጉዳት ካደረሰ በኋላ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ስለተቋቋመ በሰፊው ተሰራጨ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2006 ዓ.ም. አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ያንኑ ዲገሉን መታው። «ዲገሉን ዝሩ» የሚል ምክር በመጀመሪያው ዓመት ትክክል ነበር፤ በኋላ ግን ገበሬውን ወደ ጥፋት የሚመራ ሆነ። ይህ ምክር በአሥር ላኪ እጅ ያለ ቴምፕሌት ቢሆን ኖሮ ከዘጠኙ ተነሥቶ በአንዱ መቅረቱ ብቻ የአንድ ወረዳን አዝመራ ያስበላ ነበር።

ስለዚህ ዋናው ቅጂ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ማን አጸደቀው፣ መቼ፣ እስከ መቼ ያገለግላል፣ ለየትኞቹ አካውንቶች ተሰጥቷል የሚለው አብሮ ይጻፍ። ለግብርና ምክር የአገልግሎት ዘመኑ ከአንድ የምርት ዘመን አይለፍ ባይ ነኝ። በዋትስአፕ የጸደቀን ቴምፕሌት ማረም ይቻላል፤ በቀን ከአንድ ጊዜ፣ በ30 ቀን ከ10 ጊዜ ግን አያልፍም፣ የታረመውም እንደገና ይመረመራል። የተሰረዘ ቴምፕሌት ስም ደግሞ ለ30 ቀን ተመልሶ አይሰጥም፤ በዋግ ወቅት 30 ቀን ማለት ማሳው ያለቀበት ጊዜ ነው። ስሙ ላይ ከመነሻው የቅጂ ቁጥር የሚጨምሩ ሰዎች ይህን አውቀው ነው፤ የቢጫ ዋግ ደጋ መኸር አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት እያሉ ይሰይሙታል፣ አሮጌው ሲነሣ አዲሱ በራሱ ስም በዚያው ቀን ለምርመራ ይገባል።