ሃምሳ ሳንቲም ለቺፑ፣ ሃያ ዶላር ለማጓጓዣው

አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን ልትሠራ ተነሥታለች እንበል። የሰርኪዩቱን ንድፍ አጠናቃለች፤ ሬዚስተሮቹንና ካፓሲተሮቹን ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ ነቅላ፣ ለክታ ለይታቸዋለች፤ የጎደላት አንድ ባለ ስምንት እግር የ555 ታይመር ቺፕ ብቻ ነው። ይህ ቺፕ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በብዛት ሲመረት የኖረ፣ አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ፣ ዋጋውም እጅግ ርካሽ የሆነ ዕቃ ነው። በአካባቢዋ ስላጣችው ከውጭ ለማስመጣት ትጠይቃለች። መልሱም «ለቺፑ ሃምሳ የአሜሪካ ሳንቲም፣ ለማጓጓዣው ሃያ ዶላር» የሚል ሆኖ ታገኘዋለች።

ቁጥሮቹን የመረጥናቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው። ሁኔታው ግን በትርፍ ጊዜው ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዕቃው የራሱን ዋጋ አርባ እጥፍ የመንገድ ሂሳብ ተጠየቀበት። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ሥራውን ይተዉታል፤ ንድፉም በወረቀት ላይ ይቀራል። ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ በእጅ ካልተሠራ በንባብ ብቻ የማይዘለቅ ሙያ በመሆኑ ጉዳቱ ከሃያ ዶላር ይበልጣል። በዚህ ጽሑፍ የማጓጓዣ ክፍያ እንዲህ የሚከብድበትን ምክንያት እንመረምራለን፤ በቀላል ሂሳብም መውጫውን ለማሳየት እንሞክራለን።

የምንከፍለው ለክብደቱ ነውን?

ብዙ ሰው ማጓጓዣ የሚከፈለው ለክብደትና ለርቀት ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ አንድ ግራም የማይሞላው ቺፕ በጥቂት ሳንቲም ውቅያኖስን በተሻገረ ነበር። ነገር ግን ጥቅሉ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች እንቁጠር። አንድ ሠራተኛ ቺፑን ከመጋዘን መደርደሪያ ፈልጎ ያወጣል፤ ሌላው ያሽገዋል፤ አድራሻና የጉምሩክ መግለጫ ይለጠፍበታል፤ በኤክስሬይ ይፈተሻል፤ ይመዘገባል፤ ከአውሮፕላን ሲወርድ እንደገና ይለያል፤ በመጨረሻም ለባለቤቱ ይደርሳል። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ በውስጡ አንድ ቺፕ ይኑር መቶ ቺፕ ልዩነት የላቸውም። የሚቆጠሩት በጥቅል እንጂ በግራም አይደለም።

ኮንትራት ታክሲ ብቻውን የያዘ መንገደኛ የባዶዎቹን ወንበሮች ሂሳብ ጭምር ይከፍላል። አንዲት ቺፕ ብቻዋን ስትጓዝም እንዲሁ ነው።

ቀላል ቀመር

ነገሩን በሂሳብ ብንገልጸው ለአንዱ ቺፕ የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ እንደሚከተለው ይሆናል፦

የአንዱ ወጪ = የመግዣ ዋጋ + (ቋሚው ክፍያ ÷ ብዛት)

በምሳሌአችን አንድ ቺፕ ብቻ ብናስመጣ 20.50 ዶላር ያስወጣናል። አሥር ብናስመጣ የአንዱ ወጪ ወደ 2.50 ዶላር፣ አርባ ብናስመጣ ወደ 1.00 ዶላር፣ መቶ ብናስመጣ ወደ 0.70 ዶላር ይወርዳል። ግራፉን የሣለ ተማሪ ሃይፐርቦላ ያገኛል፤ መሥመሩ ወደ ሃምሳ ሳንቲም እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ ፈጽሞ አይነካውም።

በዚህ ግራፍ ላይ አንድ ልዩ ነጥብ አለ። ቋሚውን ክፍያ ለመግዣ ዋጋው ስናካፍል (20 ÷ 0.50) አርባ እናገኛለን። በዚህ ብዛት የማጓጓዣው ድርሻ ከዕቃው ዋጋ ጋር እኩል ይሆናል። ከአርባ በታች በዋናነት የምንገዛው መንገድን ነው፤ ከአርባ በላይ ግን ዕቃን ነው። ከአንድ ወደ አርባ ስንወጣ በአንዱ ቺፕ 19.50 ዶላር እናተርፋለን፤ ከአርባ ወደ መቶ ስንወጣ የምናተርፈው ሠላሳ ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ትእዛዝ ከመላካችን በፊት ይህን ቁጥር ማስላት ይጠቅማል።

ሳጥኑም ይመዘናል

ሌላው ያልታሰበ ወጪ ከሳጥኑ መጠን ይመጣል። አውሮፕላን ከክብደት በተጨማሪ ቦታም ስለሚያጥረው ብዙ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች «የይዘት ክብደት» የሚባል ስሌት ይጠቀማሉ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ፤ ከዚህ የሚገኘው ኪሎግራም ከሚዛኑ ክብደት ከበለጠ የሚያስከፍሉት በእርሱ ነው። 30 በ20 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ይዘቱ 6000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነውና፣ በውስጡ ያለው መቶ ግራም ቢሆንም እንኳ እንደ 1.2 ኪሎግራም ይቆጠራል። በአነስተኛ ፖስታ እንዲታሸግ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጥቅሉ ከደረሰ በኋላም ሂሳቡ ይቀጥላል። በአገራችን የገቢ ዕቃ የጉምሩክ ዋጋ የሚተመነው የዕቃው ዋጋ፣ የመድን ክፍያና የማጓጓዣ ወጪ ተደምረው ነው። ቀረጥ የሚጠየቅበት ዕቃ ከሆነ ታዲያ ቀረጡ በሃያው ዶላር ላይም ይሰላል ማለት ነው።

«ነፃ ማጓጓዣ» ከወዴት መጣ?

አንባቢ «አንዳንድ ሻጮች ዕቃውን በነፃ ይልኩ የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለዚህ ምላሽ ለመስጠት የፖስታን ታሪክ ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን ከተማ የተመሠረተውና ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1908 አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የፖስታ ኅብረት ሲጀመር፣ እያንዳንዱ አገር ከላኪ የሰበሰበውን ገንዘብ ለራሱ ያስቀር ነበር። እያንዳንዱ ደብዳቤ መልስ ስለሚያስከትል ሂሳቡ ይጣጣማል ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ቺፕ ግን እንደ ደብዳቤ መልስ የለውም፤ ጉዞው የአንድ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በቶኪዮ በተደረገው የኅብረቱ ጉባኤ ብዙ የሚልከው አገር ለተቀባዩ አገር የማድረሻ ክፍያ እንዲከፍል ተወሰነ።

ይህ ክፍያ ከታዳጊ አገሮች ለሚላኩ ቀላል ጥቅሎች ዝቅተኛ ሆኖ በመቆየቱ ከቻይና የሚነሡ ትንንሽ ጥቅሎች አሜሪካና አውሮፓ የሚደርሱት በጥቂት ወጪ ነበር። ዝቅተኛውን ክፍያ የተቃወመችው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ከኅብረቱ እንደምትወጣ አስታወቀች፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በጄኔቫ በተደረሰው ስምምነት አገሮች የማድረሻ ክፍያቸውን ደረጃ በደረጃ ራሳቸው እንዲወስኑ ተፈቀደ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ደግሞ ዋጋቸው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ጥቅሎች ከቀረጥ ነፃ የሚገቡበትን አሠራር አቋርጣለች። ከዚህ የምንረዳው ነፃ የሚባል ጉዞ አለመኖሩን ነው፤ ወይ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተካትቷል፣ ወይ ሌላ ወገን ከፍሎታል።

የሃሪስ ስኩዌር ሩት

ብዛት ወጪን የሚቀንስ ከሆነ ሺህ ቺፕ ለምን አንገዛም? ገንዘባችን ታስሮ ይቀመጣል፤ ዕቃው ይጠፋል፣ ያረጃል። ለምሳሌ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ለዓመታት ሳይሠራበት ሲቀመጥ የኦክሳይድ ሽፋኑ ይዳከማል፤ የሚያሾልከው ከረንትም ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ ወጪዎች አሉ፤ አንዱ ከብዛት ጋር ይቀንሳል፣ ሌላው ከብዛት ጋር ያድጋል። ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 የሁለቱን ሚዛን በቀመር አስቀመጠ። ተስማሚው ብዛት የሚገኘው የዓመቱን ፍላጎት በቋሚው ክፍያና በሁለት አባዝተን፣ አንዱን ዕቃ ለዓመት ለማስቀመጥ በሚያስወጣው ወጪ አካፍለን፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ስንወስድ ነው።

ተማሪያችን በዓመት ስምንት ቺፕ ብትፈልግና አንዱን ማስቀመጥ በዓመት ሃያ ሳንቲም ያስወጣል ብንል መልሱ የ1600 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም አርባ ይሆናል። ይህ የአምስት ዓመት ፍጆታ ነው! ከዚያ በፊት ትመረቃለች። ሃያ አምስት ተማሪዎች አንድ ላይ ቢሆኑ ግን የዓመት ፍላጎታቸው ሁለት መቶ ነው፤ ቀመሩም የ40000 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ሁለት መቶ ይሰጠናል። አንድ ትእዛዝ በዓመት ማለት ነው። ሁለት መቶ ቺፕ ከሩብ ኪሎ ስለማይበልጥ የማጓጓዣው ክፍያ ብዙ አይለወጥም ብንል፣ ስምንት ቺፕ ለብቻዋ 24 ዶላር የሚያስወጣት ተማሪ በኅብረት 4.80 ዶላር ብቻ ትከፍላለች።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ በቤተ ሙከራው ጥግ መሳቢያዎች የተደረደሩበት አንድ ክፍል ነበር። ሬዚስተር ስንፈልግ መሳቢያውን ስበን እንወስድ ነበር፤ ስለ ማጓጓዣ አስበን አናውቅም። ያ ክፍል ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር የተረዳነው አገራችን ተመልሰን ማስተማር ስንጀምር ነው። የሚሠራው የካፓሲተርን ሥራ ነበር፤ በአንድ ጊዜ በብዛት ይሞላል፣ ከዚያም ለሚፈልገው ሁሉ ጥቂት በጥቂት ይሰጣል።

እንዲህ ያለውን መሳቢያ ለማቋቋም የተማሪዎች ማኅበር ይበቃል። አንደኛ፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የሁሉንም ፍላጎት በአንድ ዝርዝር መሰብሰብ ነው። ሁለተኛ፣ ንድፎቻችንን በተለመዱ ዋጋዎች መሥራት ነው። «ኢ12» የሚባለው ደረጃ በእያንዳንዱ የአሥር እጥፍ ርቀት አሥራ ሁለት የሬዚስተር ዋጋዎች ብቻ አሉት፤ ከ10 ኦም እስከ 8.2 ሜጋ ኦም ያለውን ሰባ ሁለት ዓይነት ይሸፍነዋል። ሦስተኛ፣ ከማዘዝ በፊት ምትክ መፈለግ ነው። 2ኤን3904 የሚባለው ትራንዚስተር ከጠፋ በብዙ ቀላል ሰርኪዩቶች ቢሲ547 ሊተካው ይችላል። ሆኖም የሁለቱ እግሮች ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ መሆኑን፣ የቢሲ547 የከረንት ጣሪያም ከ200 ወደ 100 ሚሊአምፒር ዝቅ የሚል መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አራተኛ፣ የሊቲየም ባትሪን ከቺፖች ጋር አለመቀላቀል ነው። ለብቻቸው የሚላኩ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጓዙ ተከልክለዋል፤ አንድ ባትሪ ጥቅሉን በሙሉ ሊያስቀረው ይችላል።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ የማጓጓዣን ቀመር ቀድመው አውቀውት ነበር ለማለት ያስደፍራል። ቋሚውን ክፍያ በግላችን ልናስቀንሰው አንችልም፤ የሚካፈሉትን ሰዎች ቁጥር ማብዛት ግን በእጃችን ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመሪያ አንድ ተማሪ ባዶ ወረቀት ይዞ ከክፍሉ በር ላይ ቢቆምና «ምን ጎድሎሃል? ምን ጎድሎሻል?» ብሎ ቢመዘግብ፣ በወረቀት ላይ ሊቀሩ ከነበሩት ንድፎች ጥቂቶቹ መብራታቸው ሲበራ እናያለን።