ያውቁ ኖሯል? በወገራ ሜዳ ያለፈው ስኮትላንዳዊ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ የሚያገኟት አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ወረዳ ከተማ ናት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ የሊማሊሞን ገደል ከወጣ በኋላ ጎንደር የገባው ይህንኑ የወገራ ደጋ አቋርጦ ነው፤ ጊዜው የካቲት 1762 ዓ.ም. (1770 እ.ኤ.አ.) ነበር። ወገራ ጎንደርን የሚቀልብ የስንዴ አገር መሆኑንም በመጽሐፉ ጽፏል።

ያን ጊዜ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ የታመሙ ልጆችን አከመ። ወደ አገሩ ሲመለስ ከያዛቸው የግዕዝ ብራናዎች መካከል ሦስቱ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን መጽሐፍ ካጡት ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የእኛ ካህናት ግን ትውልድ ለትውልድ እየገለበጡ አቆይተውታል። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1821 እ.ኤ.አ. የወጣው ከእነዚህ ቅጂዎች ከአንዱ፣ በኦክስፎርድ ከተቀመጠው ነው። ብሩስ በዚህ ዝናው ገነነ፤ የሚበልጠው ምስጋና ግን ስማቸው ላልተጻፈው ብራና ጸሐፊዎች ይገባል።